ካርታ ላይ ያልወጣው ቤት

(በጉለሌ፣ ቁስቋም ለአጥቢያ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ በኢንተርኔት አማካይነት ስለ ተማርነው የካርታ ሥራና የመልክዓ ምድር መረጃ ጥናት ነው። አንዳንዶቻችሁ «የርዳታ ድርጅት እህልና ዘይት ያድርስ፣ ውሃ ያውጣ እንጂ ካርታ ምን ያደርግለታል?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከእናንተ የሚሰበሰበው ገንዘብ የመበለቲቱም ሳንቲም ያለበት ስለሆነ፣ ሠራተኛው ከሥራ ሰዓቱ ቆርሶ ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ምክንያቱን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ስለዚህ መልሱን እናስቀድም፤ ካርታ የምንሠራው ርዳታው ያልደረሰበትን ቤት ለማየት ነው። የደረሰበትንማ ያለ ካርታም እናውቀዋለን፤ ስሙ በመዝገብ ላይ አለ።

ሥራው ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ አይደለም። በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 18 እንደምናገኘው፣ ሰባት ነገዶች ርስታቸውን ሳይካፈሉ በቀሩ ጊዜ ኢያሱ ከየነገዱ ሦስት ሦስት ሰዎች እንዲመረጡ አደረገ። እነዚህ ሰዎች አገሩን በእግራቸው ዞሩ፣ ከተሞቹንም በሰባት ክፍል ለይተው በመጽሐፍ ጻፉ። ዕጣው የተጣለው እነርሱ ከተመለሱ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ መዞር፣ ቀጥሎ መጻፍ፣ ከዚያ ማካፈል። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ለማደስ ሕዝቡን ከማስነሣቱ በፊት በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን በዐይኑ ተመልክቷል። በርዳታ ሥራ ግን ችኮላው ግድ ስለሚል ብዙ ጊዜ ማካፈሉ ይቀድማል፤ መዞሩ ለግምገማ ጊዜ ይቀራል፤ መጻፉም ሪፖርት ሲጠየቅ ይታወሳል።

ይህ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የአገራችን ታሪክ ያሳያል። የ1977 ዓ.ም. ረሀብ ከእናንተ ብዙዎች የሚያስታውሱት ነው፤ ወጣቶቹም ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። በዚያ ዓመት በጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ዘጋቢ ማይክል ቡርክ ከኮረም ያስተላለፈው ዜና በታየ ጊዜ የብዙ አገር ሕዝብ ልቡ ተነክቶ እጁን ዘረጋ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያ ብዙ ነፍስ ተርፏል። ነገር ግን ካርታ ዘርግታችሁ ኮረምንና ባቲን ፈልጉ። ኮረም ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ባቲም ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ካሜራውም እህሉም የደረሰው መኪናው እስከ ደረሰበት ነበር። ከመንገዱ የሁለትና የሦስት ቀን ጉዞ ርቆ የነበረው፣ እዚያ ድረስ ለመሄድ ጉልበት ያጣው ሽማግሌ፣ ገና የወለደችው እናት፣ በፊልሙ ላይ የሉም። እነርሱን ለማየት ፊልም ሳይሆን መንገዱንና መንደሩን አንድ ላይ የሚያሳይ ካርታ ያስፈልግ ነበር።

ይህን ከምሁራኖቻችን ቀደም ብለው ያስተማሩን አሉ። የኢትዮጵያን አትላስ በ1962 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የጂኦግራፊ መምህር ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ናቸው። እኚሁ ሰው ከ1958 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ስለ ነበረው የገጠሩ ሕዝብ ለረሀብ መጋለጥ ሰፊ መጽሐፍ ጽፈው፣ ረሀብ የዝናብ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነና የአስተዳደርና የኑሮ ሥርዐትም ጉዳይ እንደ ሆነ ተከራክረዋል። ዝናብ ያጣ ቦታ ሁሉ አይራብም፤ የተራበውም ሁሉ ዝናብ ያጣ አይደለም። ይህን ለመለየት የዝናቡን ካርታ፣ የገበያውን ካርታና የመንገዱን ካርታ አንዱን በአንዱ ላይ አድርጎ ማየት ይጠይቃል።

ከዚያ ረሀብ በኋላ በ1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የረሀብ ማስጠንቀቂያ መረብ ተቋቋመ፤ ፊውስ ኔት የምንለው ነው። የዝናብን፣ የልምላሜንና የገበያ ዋጋን መረጃ አያይዞ ረሀብ ከመድረሱ በፊት የት እንደሚመጣ ያስታውቃል። የርዳታ ድርጅቶች ሁሉ ለዓመታት በዚህ ተደግፈዋል። ነገር ግን በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባቆመ ጊዜ አገልግሎቱ ለወራት ተቋረጠ። ከሩቅ የሚመጣ ካርታ ከሩቅ ይቀራል። እኛንም ወደ ትምህርቱ ይበልጥ የገፋፋን ይህ ነው፤ ከዓለም ሁሉ ለመለየት አስበን ሳይሆን፣ መብራቱ ሲጠፋ ቢያንስ ክብሪቱ የት እንዳለ እንድናውቅ ብለን ነው።

ከሩቅ መማር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከእናንተ አንዳንዶቻችሁ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት በፖስታ ተከታትላችኋል፤ ጥያቄውን መልሳችሁ ፖስታ ቤት ታስገቡና እርማቱን ትጠብቁ ነበር። የምሥራች ድምፅ ሬዲዮም ከ1963 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባ ሲያስተላልፍ አስተማሪውን በዐይኑ ሳያይ የተማረ ብዙ ነው። የኢንተርኔቱ ትምህርት የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። ልዩነቱ ምላሹ መፍጠኑ ነው፤ ፈተናውን ወዲያው አርሞ ይመልሳል፣ ሥዕሉን ያንቀሳቅሳል፣ ያልገባህን ደግመህ እንድታይ ይፈቅዳል። ፖስታው አንድ ነገር ይበልጠዋል፤ መብራት ሲጠፋ በሻማ ይነበብ ነበር።

በዚህ ሙያ ለሁሉም ክፍት የሆነ ትምህርት በስፋት መሰጠት ከጀመረ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር አንቶኒ ሮቢንሰን በ2013 እ.ኤ.አ. ስለ ካርታ ያዘጋጁት ትምህርት ከቀደሙት አንዱ ነው። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳም የሳተላይት መረጃ አጠቃቀምን አርሴት በሚለው ፕሮግራሙ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ክፍያ አስተምሯል። መሣሪያውም ተገኝቷል። ጋሪ ሸርማን የተባለ ሰው በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኪው ጂ.አይ.ኤስ. የሚባል ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች ያሻሽሉታል፤ በቢሮ በሚገኝ ተራ ኮምፒውተርም ይሠራል። ቀድሞ ይህን የመሰለ መሣሪያ ብዙ ዶላር የሚከፈልበት ስለ ነበር የመንግሥትና የትልልቅ ድርጅቶች ብቻ ነበር።

ስለ አማማሩ ለፕሮጀክት ሠራተኞች አንድ ነገር እንጠቁም። እንደዚህ ባለው ትምህርት ከሚመዘገበው ሕዝብ አብዛኛው እንደማይጨርስ የታወቀ ነው፤ ከዐሥሩ አንዱ እንኳ ከዳር የማይደርስባቸው ትምህርቶች ብዙ ናቸው። ለብቻ የሚማር ሰው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይደክማል። እኛ የተማርነው እንደ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን ተቀምጠን ነው። ትምህርቱን ኔትወርክ በሚሻልበት ሰዓት አውርደን እናስቀምጣለን፤ በተወሰነ ቀን አንድ ላይ እናያለን፤ አንድ ክፍል ሲያልቅ አቁመን በአማርኛ እንነጋገርበታለን። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነ የቃላት ደብተር አዘጋጅተናል፤ ኬክሮስንና ኬንትሮስን የመሰሉ ከትምህርት ቤት የምናውቃቸው ቃላት ሲነገሩ ፍርሃቱ ግማሹ ይለቅቃል። የልምምዱ ምሳሌ ሁሉ የአሜሪካ ከተማና መናፈሻ ነው፤ እኛ ያንን ትተን በቁስቋም ተለማመድን። የቤት ሥራው ከመኝታ ቤት መስኮት የሚታይ ሲሆን ሰው አይሰለችም።

ዋናው ሐሳብ ከባድ አይደለም። በስስ ወረቀት ላይ ወንዙን ብቻ ሣሉ እንበል። በሌላ ስስ ወረቀት መንገዱን ብቻ፣ በሦስተኛው ቤቶቹን ብቻ፣ በአራተኛው የውሃ ቦኖዎቹን ሣሉ። አራቱን ደራርባችሁ በብርሃን ብታዩአቸው ከወንዙ ማዶ ያለ ቦኖም ድልድይም የሌለው ሰፈር ወዲያው ይታያችኋል። ኮምፒውተሩ የሚያደርገው ይህን ነው። በተጨማሪ ይለካል፣ ይቈጥራል። ደግሞ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጀርባ ሠንጠረዥ አለ፤ ቦኖው መቼ ተሠራ፣ ይሠራል ወይስ ተበላሽቷል፣ ስንት ቤት ይጠቀምበታል የሚለውን ይይዛል።

ነገር ግን ወረቀቶቹ በትክክል ካልተገጣጠሙ ሥራው ሁሉ ይበላሻል፤ የገጠር ፕሮጀክት ያላችሁ እዚህ ላይ አተኩሩ። በየቢሮው ያለው የአገራችን የድሮ ካርታ መስፈርቱ 1፡50,000 ነው፤ በካርታው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆነው በምድር ላይ 500 ሜትር ነው ማለት ነው። አንዱ ቅጠል ብቻ ከ700 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይይዛል፤ የተራራው ከፍታ በየ20 ሜትሩ በመስመር ተስሎበታል። በ1954 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የካርታና የጂኦግራፊ መሥሪያ ቤት፣ ዛሬ ሥራው በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ያለው፣ ለአገር የተወው ትልቅ ቅርስ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ካርታ ልኩን የሚነሣው አዲንዳን ከሚባለው፣ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ካለ የመነሻ ነጥብ ነው። በእጃችሁ ያለው ስልክ ወይም ጂፒኤስ ደግሞ ለዓለም ሁሉ በወጣ ሌላ መነሻ ይለካል። ሁለቱ ሳይታረቁ አንዱን በአንዱ ላይ ብታስቀምጡ ነጥቡ ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻል። በሜዳ አገር ይህ እርሻ መሳት ነው። በተራራ አገር ግን በዚህኛው አፋፍ ያለ ምንጭ ከገደሉ ማዶ ይታያል፤ ቧንቧውም በሌለ ቦታ ይታቀዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ ያስታርቃቸዋል፣ የሚፈልገው የትኛው መረጃ በየትኛው መነሻ እንደ ተለካ እንዲነገረው ብቻ ነው። እንግዲህ ማንኛችሁም የቦታ ቍጥር ስትጽፉ ከጎኑ በምን እንደ ለካችሁት ጻፉ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ቁስቋም የሚለው ስም ከግብፅ የመጣ ነው። ጌታ በሕፃንነቱ ከሄሮድስ በሸሸ ጊዜ ከእናቱና ከዮሴፍ ጋር ያረፈበት ተራራ ነው ተብሎ በትውፊት ይነገራል፤ ስደተኛን ለሚረዳ ሰው ከዚህ የተሻለ የሰፈር ስም አይገኝለትም። በጎንደርም እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ቁስቋም አለ። ስለዚህ በኮምፒውተር «ቁስቋም» ብሎ የፈለገ ሰው ጎንደርም ግብፅም ሊደርስ ይችላል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ በ«ኬ» አንዱ በ«ኪው» ይጀምረዋል፤ ኮምፒውተሩ ልዩ ልዩ ቦታ ነው ብሎ ይቈጥራቸዋል። በቀበሌ ስሞች ላይ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ጣጣ ነው፤ የተረጂዎች መዝገብ ከካርታው ጋር አልገጥም ካለ አስቀድማችሁ ፊደሉን ተመልከቱ።

ከራሳችን በላይ በእንጦጦ ተራራ የጠፈር ምርምር ጣቢያ እንዳለ ታውቃላችሁ። ወደ 70 ኪሎ የምትመዝነው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ የመሬት ምልከታ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጠቅ መረጃዋ የተቀበለው እዚሁ ነው። ይህን ያነሣነው ለክብር ብቻ አይደለም። ሳተላይቱ የሚያየውና በዚህ ዳገት እንጨት ተሸክማ የምትወርደው እናት የምታየው አንድ እንዳልሆነ ለመናገር ነው።

ምሳሌ እንስጥ። በአደጋ ጊዜ የሚሠራበት ስፊር የተባለ ዓለም አቀፍ የርዳታ መመዘኛ አለ፤ ከቤት እስከ ውሃ ያለው ርቀት ከ500 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ለአንድ ሰውም በቀን ቢያንስ 15 ሊትር እንዲደርሰው ይላል። ካርታ የሚማር ሰው ከሚለማመዳቸው ነገሮች አንዱ በእያንዳንዱ ቦኖ ዙሪያ የ500 ሜትር ክብ ማስመር ነው። በክቡ ውስጥ ያለው ቤት ውሃ አለው፣ በውጭ ያለው የለውም ይባላል። ክቡ ሲሣል በጣም ያምራል፤ ለጋሾችም ይወዱታል። ነገር ግን ክብ ዳገት አያውቅም፣ ገደል አያውቅም፣ የታጠረ ግቢ አያውቅም። በቁስቋም ቦኖው በክቡ ውስጥ 300 ሜትር ላይ ሊታይ ይችላል፤ በመካከሉ ግን ፈፋ ካለ ሴትዮዋ ወርዳ፣ ተሻግራ፣ እንደ ገና ትወጣለች። ሲመለሱ ጀሪካኑ ሙሉ ነው፤ ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው።

ትምህርቱ ለዚህም መልስ አለው። ዋልዶ ቶብለር የተባለ የጂኦግራፊ ምሁር በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት አለ። በእርሱ መሠረት በሜዳ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ሰው፣ በየመቶ ሜትሩ 20 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ ወደ 2.5 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከፍታውን ለማወቅ በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኤንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ በራዳር የለካችው የምድር ከፍታ በነጻ ይገኛል፤ እያንዳንዱ መለኪያ 30 ሜትር በ30 ሜትር ይሸፍናል። ሁለቱን ስናገናኝ ያ የሚያምር ክብ ይጨማደዳል። ወደ ሜዳው ይለጠጣል፣ ወደ ዳገቱ ይኮማተራል፣ በፈፋው ጠርዝ ላይ ይቈረጣል። ከክቡ የወጡት ቤቶች ናቸው እንግዲህ የምንፈልጋቸው። እዚህም ላይ ሁለት ነገር አንርሳ፤ ቶብለር ጀሪካን አላሸከመም፣ 30 ሜትርም ብዙ ጎጆ ይውጣል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚሰጠው ጥርጣሬ ነው፤ እርግጠኝነቱ በእግር ይገኛል።

ይኸው የዳገት ስሌት ለሌላም ይጠቅማል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። የትኛው ሰፈር በቀጥ ያለ ዳገት ሥር እንዳለ በካርታ መለየት ናዳውን አያስቀርም። ዝናቡ ሲበረታ ማንን አስቀድመን ማስጠንቀቅ እንዳለብን ግን ይነግረናል።

ስለ ሰው ቍጥርም እንናገር። በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቈጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ 73.7 ሚሊዮን ነበርን። በዚያ ዓመት የተወለደ ሕፃን ዛሬ ጎልማሳ ነው። ስለዚህ ብዙ ባለሙያዎች ቤቶችን ከሰማይ በመቍጠር ይገምታሉ። ጉግል የተባለው ኩባንያ በ2021 እ.ኤ.አ. የአፍሪካን ቤቶች ከሳተላይት ፎቶግራፍ እየለየ በነጻ አውጥቷል፤ ትልቅ ጥቅም ያለው ነው። ነገር ግን የቁስቋምን ግቢ አስቡት። አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ከሰማይ ይታያል፤ ሥሩ ግን ባለቤቶቹ አሉ፣ ከኋላ የተከራየ ቤተ ሰብ አለ፣ በጎን ካለችው ክፍል ከገጠር የመጡ ሁለት እኅትማማች አሉ። የቤቱ ቍጥር አንድ ነው፣ ምድጃው ሦስት ነው። ወደ እንጦጦ ጫካ ስትጠጉ ደግሞ የባሕር ዛፉ ቅጠል ጣሪያውን ጭምር ይሸፍነዋል። ያ ቤት በመዝገብ የለም፣ በካርታም የለም፣ ከሰማይም አይታይም። የሚያውቀው ማን ነው? እሑድ እሑድ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ያውቀዋል።

ይህን ለማስረዳት በካርታ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የታወቀውን ነገር እናንሣ። በ1854 እ.ኤ.አ. በለንደን፣ ሶሆ በተባለው ሰፈር ኮሌራ ገብቶ 616 ሰዎች ሞቱ። ያን ጊዜ በሽታው በመጥፎ አየር ይመጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ሐኪሙ ጆን ስኖው ግን የሞቱትን ቤት በቤት በካርታ ላይ አመለከተ፤ ሞቱ በብሮድ ስትሪት በነበረች አንዲት የውሃ ፓምፕ ዙሪያ ተከማችቶ ተገኘ። የፓምፕዋ እጀታ እንዲነቀል አደረገ። ይህ በየትምህርቱ የሚነገር ነው። የማይነገረው ቀጣዩ ነው። የሰፈሩ ረዳት ቄስ ሄንሪ ዋይትሄድ የስኖውን ሐሳብ ተቃውመው ነበር፤ ስሕተት መሆኑንም ለማሳየት የሚያውቋቸውን ቤተ ሰቦች በር እያንኳኩ ጠየቁ። ሰዎቹ ያመኑአቸው ስለ ሆነ ለሐኪሙ ያልነገሩትን ነገሩአቸው። በመጨረሻም ሐኪሙ ትክክል እንደ ሆነ አመኑ። በዚያው ጎዳና በ40 ቍጥር ቤት አንዲት ሕፃን አስቀድማ ታማ እንደ ነበርና እናትዋ የጨርቅዋን እጣቢ ከውሃው ጕድጓድ አጠገብ ባለ የቈሻሻ ጕድጓድ ትደፋ እንደ ነበር ያገኙት እኚህ ቄስ ናቸው። ካርታው ፓምፕዋን አሳየ፤ እናቲቱን ያገኛት ግን በር የሚከፈትለት ሰው ነው። እኛ ይህን ታሪክ ከሁሉ አስበልጠን የምንወደው ለአጥቢያዎቻችን የሚስማማ ስለሆነ ነው።

ካርታ ሊዋሽም ይችላል፤ ቀለም ከቃል ይልቅ ያሳምናልና። አንድ ወረዳ በደጋውና በቆላው መካከል የተዘረጋ እንደ ሆነ፣ የደጋው ቀበሌ ገብሱን ሰብስቦ የቆላው ቀበሌ ማሽላው ቢደርቅበት፣ በወረዳ ደረጃ የተሠራው ካርታ አማካዩን ወስዶ በቢጫ ይቀባዋል። ቢጫ ማለት «ይጠበቅ» ማለት ነው። በቆላው ያሉት ልጆች በአማካይ አይበሉም። ስለዚህ ሪፖርት ሲመጣላችሁ በስተጀርባው ያለው መረጃ በምን ደረጃ እንደ ተሰበሰበ፣ በስንት ዓ.ም. እንደ ሆነ፣ ቀለሙም ጠቅላላ ቍጥርን ወይስ ከመቶ እጁን እንደሚያሳይ ጠይቁ። ሕዝብ የበዛበት ቦታ ሁሉ በጠቅላላ ቍጥር ሲታይ ችግር የበዛበት ይመስላል።

አንድ ከባድ ነገር ቀርቶናል። ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በቈጠረ ጊዜ የደረሰውን በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 24 ታነባላችሁ። መቍጠር ሁሉ ኀጢአት አይደለም፤ እግዚአብሔር ራሱ በሙሴ አስቈጥሯልና። ነገር ግን ለምን እንደሚቈጠር ይጠየቃል። በካርታ ላይ «እዚህ ቤት የታመመ አለ»፣ «እዚህ ተፈናቃይ ተጠግቷል»፣ «እዚህች ሴት ብቻዋን ትኖራለች» ብሎ ነጥብ ማስቀመጥ ለርዳታ የሚመች ያህል ለክፉ ሰውም ይመቻል። ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው ለዓለም ሁሉ የተከፈተ ካርታ አለ፤ መንገድን፣ ድልድይን፣ ቦኖን፣ ጤና ጣቢያን ብናስገባበት ለብዙዎች በረከት ነው። የሰው ገመና ግን እዚያ አይገባም። የተረጂዎች ነጥብ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጣል፤ ለሪፖርት ሲወጣ በሰፈር ተጠቃሎ እንጂ በቤት አይወጣም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 በአገራችን ወጥቷል፤ ሰውየው ሳይጠየቅ መረጃው እንዳይወሰድ ሕጉም ያዛል። ሕጉ ባይኖርም የባልንጀራ ፍቅር ያዝ ነበር።

እንግዲህ ከእናንተ የምንለምነው ገንዘብ አይደለም። ኢያሱ ከየነገዱ ሦስት ሰው ጠይቋል፤ እኛም ከየአጥቢያው ሦስት ሰው እንጠይቃለን። አንዱ ኮምፒውተር የሚደፍር ወጣት ይሁን፤ ወንድም ሴትም ቢሆን ግድ የለም። ሁለተኛው በየበሩ የሚታወቅ ዲያቆን ይሁን። ሦስተኛዋ በሰፈሩ ረጅም ዘመን የኖረች እናት ትሁን፤ ማንበብ ባትችልም ትምጣ። እስካሁን ባየነው፣ የምንጮቹን ስምና ክረምት ሲገባ የሚቈረጠውን የእግር መንገድ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ አላገኘንም፤ ወጣቶቹ በማያ ገጹ ላይ የፈለጉትን እነርሱ በጣታቸው ያሳያሉ። ትምህርቱ በሳምንት ሁለት ምሽት ነው። ዳገቱ ሳይንሸራተት መዞሩ እንዲያልቅ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት እንጀምራለን።

የፕሮጀክት ሠራተኞች ደግሞ በየቢሮአችሁ ያለውን የቦኖ፣ የምንጭና የማከፋፈያ ቦታ ዝርዝር ይዛችሁ ኑ፤ ያልተሟላም ቢሆን ይምጣ፣ የተለካበትን መሣሪያ ብቻ ጨምሩበት።

ከጸሎቱ በኋላ ሻይ አለ። በመግቢያው ጠረጴዛ ላይ የቁስቋም ካርታ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ተዘርግቷል፤ እርሳስና ላጲስ ተቀምጧል። ከመሄዳችሁ በፊት በየሰፈራችሁ የጎደለውን መንገድ፣ ቦኖና ድልድይ ሣሉበት፤ የሰው ስም ግን አትጻፉበት። የሦስቱንም ሰዎች ስም ለጸሐፊው አስመዝግቡ።